የሚረሳው ዘበኛና የሚያስታውሰው ዘበኛ

ባለፈው ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ሕልም አየሁ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ምን ላይ እያለሁ እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ ልናገር። የምሠራው በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ያለው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እኔና አለቃዬ ጋሽ ንጋቱ። በየገጠሩ የተመደቡ የጤና ባለሙያዎች ለዝውውር ጉዳይ ከተማ ድረስ እንዳይንከራተቱ ብለን፣ ባሉበት ሆነው በስልካቸው የሚገቡበት ድረ ገጽ ሠራን። ዐምና በወረቀት ያስገቧቸውን ማመልከቻዎች በሙሉ ወደዚያ አዛወርናቸው። ከባለቤቶቹ የሚጠበቀው ገብተው ማመልከቻቸውን ማጽናት ወይም መሰረዝ ነው። እስከ ዓርብ ዓሥራ አንድ ሰዓት ሁለቱንም ያላደረገ ሰው ጉዳዩ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል።

ከአመልካቾቹ አንዷ ባለቤቴ ናት። የሺመቤት ነርስ ናት፤ ቀይ ወንዝ በሚባል የቆላ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ አይደረስም። የመጨረሻ የተያየነው ዐምና ለፋሲካ ነው።

ድረ ገጹ ግን አላስገባ አለ። ሰዎቹ የይለፍ ቃል እየረሱ እንዳይቸገሩ በማለት፣ ስልካቸው ላይ ባለው የኢሜይል አካውንት እንዲገቡ አድርገን ነበር። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ድረ ገጹ ሰውየውን ወደ ኢሜይል ድርጅቱ ይልከዋል፤ ድርጅቱ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ብሎ መስክሮ ይመልሰዋል፤ ሰውየው ገብቶ ጉዳዩን ይፈጽማል። የእኛው ግን የተመሰከረለትን ሰው በር ላይ አቁሞ እንደ አዲስ «ማነህ?» ይለዋል፤ እንደ አዲስ ወደ ድርጅቱ ይልከዋል። ሰውየው ሲሄድና ሲመለስ ይውላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልፈታሁት፣ ያልገጠምኩት ነገር አልነበረም።

የሺ በየቀኑ ትደውላለች። ኔትወርክ የሚገኘው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ነፋሱም አብሯት ያወራል።

«ተስተካከለ?»

«እየተስተካከለ ነው።»

«እስከ ዓርብ መግባት አለብኝ፣ ናሁ። ሌላ ዓመት እንዲህ ሆኜ መቆየት አልችልም።»

«አስገባሻለሁ» እላታለሁ። ከዚያ በላይ የምላት ብዙ ነገር ነበረኝ። ነፋሱ ይበረታል፤ ስልኩ ይቋረጣል።

የዓርብ የምሳ ሰዓት ረዘም ይላል። ቢሮው ጭር ሲል ክንዴን ተንተርሼ ዐይኔን ከደንኩ።

ኮምፒውተሬ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር። ዐይኑን ያሻል፣ ያዛጋል፣ እንደገና ያፈጥብኛል።

«ይኼ ሰው ዛሬም ቀርፋፋ ነው» አለ፣ አጠገቡ ላለው የማተሚያ ማሽን።

«አጥፍተህ አብራው» አለው ማተሚያው።

ኮምፒውተሩ አፍንጫዬን ያዘና እስከ ዐሥር ቆጠረ። ጠፋሁ። ለቀቀኝ፤ በራሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተሻለኝ።

«አልሆነም» አለኝ ኮምፒውተሩ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንሠራብህ ከረምን። አሁን ሂድና ራስህ ግባበት።»

«የት ነው የምገባው?»

«የሠራኸው ውስጥ ነዋ።»

ወንበሬ ከሥሬ ተነሥቶ ወጣ። እኔም መንገድ ላይ ነበርኩ።

ከተማው የእኛው ከተማ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ግን ተገልብጧል። አንድ ሚኒባስ አስፋልት ዳር ቆሞ ለእግረኞች እጁን ያውለበልባል። እግረኞቹ ቀና ብለው ሳያዩት ያልፋሉ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ፍጥነቷን ቀነስ አድርጋ «ሞልቻለሁ፣ ሌላ ሰው ጠብቅ» አለችው። ከአንዲት ልብስ አጣቢ ደጃፍ ላይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ማኅተማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ተሰልፈዋል። ልብስ አጣቢዋ በመስኮት ብቅ ብላ «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ነገ ኑ» አለቻቸው። ኃላፊዎቹ አመስግነው፣ ወረፋቸውን በድንጋይ አስይዘው ሄዱ። እዚያው ጎን ካለ ክሊኒክ በር ላይ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ነጭ ጋዎን ለብሰው ሐኪሙን ምላስህን አውጣ ይሉታል።

«መቼ ነው የጀመረህ?» አሉት።

«ከተመረቅሁ ጀምሮ» አላቸው።

ከዚያ የሠራሁት ድረ ገጽ ጋ ደረስኩ። ድረ ገጽ መሆኑን ያወቅሁት በቀለሙ ነው፤ ጋሽ ንጋቱ የመረጡት ውኃ ሰማያዊ ነበር። ረጅም የቆርቆሮ አጥር አለው፤ አንድ በር አለው፤ ከአጥሩ በላይ የአንድ አዳራሽ ሰፊ መስኮት ይታያል። በመስኮቱ ውስጥ የሺ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳለች። ጸጉሯን እንደ ልማዷ በእስክሪብቶ ጠቅልላ ይዛዋለች። የአንገቷን ቅርጽ የረሳሁት መስሎኝ ነበር። አልረሳሁትም።

በእውነቱ ዓለም ከውጭ የቀረችው እሷ ናት። በሕልሜ ግን እሷ ውስጥ ነበረች፤ ከውጭ የቀረሁት እኔ ነኝ። የአዳራሹ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ እንደዚያም ሆኖ ወደ ዓሥራ አንድ ሰዓት እየተጠጋ ነበር። ዓሥራ አንድ ሲሆን በሩ እንደሚዘጋ ማንም ሳይነግረኝ ዐውቄአለሁ።

በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛ ጋሽ ንጋቱን ቁርጥ ናቸው። ካፖርታቸው ብቻ የሌላ ሰው ይመስላል፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርሳል።

«ማነህ?» አሉኝ።

«ናሁሠናይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ማን ያውቅሃል?»

«እርስዎ ነዎት እኮ የቀጠሩኝ።»

«እኔ የማውቀው ሰው የለም። እዚህ ያቆሙኝም ለዚያ ነው። ጥግ ላይ እማማ ሽታዬ የሚባሉ አሉ፤ ሂድና እሳቸው ይመስክሩልህ።»

እማማ ሽታዬ ጥላቸውን ዘርግተው ጉልት ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ያሉት ቲማቲሞች በየተራ እየተነሡ ገዢዎቹን ይዳብሳሉ። «ይኼኛው ለስልሷል» አለ አንዱ ቲማቲም፣ የአንድ ሰውዬ ሆድ ጫን እያደረገ። «ለዛሬ ከሆነ ግን ይሆናል።»

«እማማ፣ ያውቁኛል?» አልኳቸው።

«አንተን?» ሳቁ። «ልጄ፣ አንተን አለማወቅ ቢቻል እኔም አርፌ እተኛ ነበር። የጫማህ ቁጥር አርባ አንድ ነው፤ አርባ ሁለት እያልክ ትገዛለህ። ባለፈው ወር ብቻ ስለ ራስ በራነት ሰባት ጊዜ ጠይቀኸኛል። መጋቢት ላይ ለሚስትህ ናፍቀሽኛል ብለህ ጻፍክ፤ አጠፋኸው። ደግመህ ጻፍክ፤ አጠፋኸው። ከዚያ ‹እዚያ ዝናብ አለ ወይ?› ብለህ ላክህ።»

ቲማቲሞቹ ዘወር ብለው አዩኝ።

«ይህን ሁሉ ይመሰክራሉ?»

«እኔ የምመሰክረው ስምህን ብቻ ነው። ሌላውን ለራሴ ነው የማስቀምጠው።»

ከሰላጣው አንድ ቅጠል ገነጠሉና በጥፍራቸው «አውቀዋለሁ፣ ሽታዬ» ብለው ጫሩበት። «ሳይጠወልግ አድርሰው። ከጠወለገ አላውቅህም።» ከዚያ ከጉያቸው አንድ ደብተር አውጥተው ገለጡ። «የምመልስህ ወዴት ነው? አዎ፣ ይኸው አድራሻህ» አሉና ጀርባዬን ነካ አደረጉኝ።

እግሬ ያለ እኔ ፈቃድ መሮጥ ጀመረ። በአጥሩ በር አጠገብ አለፍኩ፤ እግሬ አልቆመም። ሦስት ሰፈር አቋርጦ ከተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት አደረሰኝ። ቁልፉ እኔን ከፈተኝና ቤቱ ገባብኝ።

ቤቱ ውስጥ አልጋው ቆሞ ይንጎራደዳል። የውኃ ማሰሮው ለሁለት ሰው ፈልቶ ቀዝቅዟል። የሺ ለከተማ ሆስፒታል ትሆነኛለች ብላ ትታት የሄደችው ነጭ የሥራ ጫማ አልጋው ሥር፣ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣለች።

«መጣህ?» አለችኝ የቀኟ ጫማ።

«ተሳስቼ ነው። ወደ አዳራሹ ነበር የምሄደው።»

«ሁልጊዜ የምትመጣው ወደዚህ ነው» አለች የግራዋ። «ከሥራ ትወጣለህ፣ ትመጣለህ፣ ታየናለህ። አንድ ቀን እንኳ አንሥተህ አላጸዳኸንም።»

«ዱካዋ ይጠፋል ብዬ ነው።»

«አቧራው እኮ ዱካ አይደለም» አለች የቀኟ። ቅጠሉ እጄ ላይ ጠወለገ።

ሮጬ ወደ ጉልቱ ተመለስኩ። እማማ ሽታዬ ገና ሳልናገር ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነበር። ሥራውን ስንጀምር ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሞክር፣ ሰዎች የሚመለሱበት አድራሻ ብዬ ያጻፍኩት የራሴን ቤት ኖሯል። በእውነቱ ዓለም በማግስቱ አስተካክዬዋለሁ፤ በሕልሜ ግን እንደዚያው ቀርቷል።

«አንተው ነህ ያጻፍከኝ። እኔ ከደብተሩ ንቅንቅ አልልም» አሉ።

ሰርዤ የአጥሩን በር ጻፍኩ። አዲስ ቅጠል ሰጡኝ። አሁን እግሬ በሩ ላይ አቆመኝ። ደስ አለኝ፤ ችግሩ ይኼው የነበረ መሰለኝ።

«ማነህ?» አሉኝ ዘበኛው።

«አሁን እኮ መጥቼ ነበር፣ ጋሼ።»

«መጥተህ ይሆናል። ማስታወስ የእኔ ሥራ አይደለም።»

«ይኸው ቅጠሉ።»

ሳይነኩት አዩት። «ቆንጆ ቅጠል ነው። የሚቀበለው ግን ውስጥ ያለው ነው።»

«እንግዲያው ልግባና ልስጠው።»

«ግባ። ማነህ?»

«ቅጠሉ ላይ ተጽፏል።»

«ቅጠሉን የሚያነበው ውስጥ ያለው ነው አልኩህ። ማን መሆንህ ሳይታወቅ ደግሞ አትገባም። ጥግ ላይ እማማ ሽታዬ የሚባሉ አሉ፤ ደግ ሴት ናቸው።»

ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ሄድኩ፤ ተመለስኩ። አንዴ በአጥሩ ላይ ልዘል ሞከርኩ፤ አጥሩ ቀድሞ ዘለለኝ። በአራተኛው ዙር ብቻዬን አለመሆኔን አየሁ። መንገዱ ከመረገጥ ብዛት እስከ ጉልበት ጎድጉዶ ቦይ ሆኗል። በቦዩ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ቅጠል ቅጠላቸውን ይዘው ይዞራሉ። ሦስት ሳምንት ስለቆዩ እዚያው ኑሮ ጀምረዋል። አንዲት አዋላጅ እየተራመደች ሹራብ ትሠራለች። ሁለት የመድኃኒት ባለሙያዎች በሰባተኛው ዙር ተዋውቀው፣ በሠላሳኛው ተጋብተው፣ አሁን ተኳርፈው ፊትና ኋላ ይሄዳሉ። ዕድርም ተቋቁሟል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ድንበሩ የሚባሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ፤ ጎኔ መጥተው ርምጃቸውን ከእኔ ጋር አስተካከሉ።

«አዲስ ነህ?»

«አዎ።»

«ስንተኛ ዙርህ ነው?»

«አራተኛ።»

«ገና ነሃ። እኔ ሦስት መቶ ዐሥረኛውን ይዣለሁ። ስኳሬ ወረደልኝ። እነዚህ የምታያቸው ሁሉ ቦርጭ የነበራቸው ናቸው።»

«የሠራውን ሰው አታውቁትም?» አልኳቸው። ለምን እንደ ጠየቅሁ አላውቅም።

«ብናገኘው ጋቢ ነበር የምናለብሰው።»

«ትረግሙታላችሁ ብዬ ነበር።»

«ለምን? ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ርምጃው እንዴት እንደሚቀለው አታውቅም? ሁላችንም ወደ ቤታችን እየሄድን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ ቤታችን ስንሄድ ከረምን። ከዚህ በፊት ለአንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።» ቅጠላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄን የሁለት ወር ትቼአት ነው የሄድኩት። አሁን ትናገራለች አሉ» አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ፊት ቀደሙኝ።

በሚቀጥለው ዙር ከቦዩ ወጣሁና በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ከበሩ ሦስት ርምጃ ያህል ገባ ብሎ አንድ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ የቀይ ክር ጥቅል ይዟል። ያለፈውን ሰው ሁሉ እጁ አንጓ ላይ ክር የሚያስረው እሱ ነው፤ ክር ያለው ሰው ሁለተኛ ማነህ አይባልም። ግን አንድም ሰው እሱ ዘንድ አልደረሰም። ከክሩ ላይ አንድ ስንዝር እንኳ አልተቆረጠም። ቀና ሲል አየሁት። እኔው ነኝ፤ ከእኔ ትንሽ ወፍሯል።

«አንተ» አልኩት።

«አቤት።»

«ማስታወስ ያንተ ሥራ አይደለም? ዘበኛው ማነህ ከማለታቸው በፊት አንተ በር ላይ ቆመህ ቅጠላችንን ብትቀበለንና ክር ብታስርልን፣ ይኼ ሁሉ ሰው ይገባ ነበር።»

«ጋሽ ንጋቱ እያሉ እኔ እንዴት ልቅደም?» አለኝ። «ደግሞስ እዚህ ያስቀመጥከኝ ማን ሆነና?»

እውነቱን ነበር። ወደ ድረ ገጽ የሚመጣ ሰው ገጹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በተራ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። በሙያው ሚድልዌር ይባላሉ፤ እኛ ቢሮ ዘበኛ ነው የምንላቸው። ማነህ የሚለውን የጻፉት ጋሽ ንጋቱ ናቸው። መስካሪው የመሰከረለትን ሰው ተቀብሎ የሚያስታውሰውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በተራ በምንደረድርበት ዕለት ጋሽ ንጋቱ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው «ያንተን አስቀድመው» ብለውኝ ነበር። «ኧረ በጭራሽ፣ የእርስዎ እያለ?» አልኳቸው። «በሞቴ» አሉ። «እኔ ልሙት» አልኩና የእሳቸውን ከላይ፣ የእኔን ከታች ጻፍኩ። ከዚያ ሁለታችንም ደስ ብሎን ሻይ ጠጣን። የትኛው ቢቀድም ሰው ይገባል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ ይበሉልኝ። ልጁ ይቅደም።»

ዘበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ደስ ይለኛል» አሉና ዘወር ብለው በሩን ከፈቱ። «ና ልጄ፣ ውጣ።»

ውስጥ ያለው እኔ ክሩን አቅፎ ብድግ አለ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይለፉ፣ ጋሼ።»

«አንተ እለፍ እንጂ። የምትወጣው አንተ ነህ።»

«እርስዎ ሳይገቡ?»

«በሞቴ።»

«እኔ ልሙት።»

«ኧረ በንጋቱ ሞት።»

«እርስዎ ከሚሞቱ በሩ ይሙት።»

ወገባቸውን ሰበር እያደረጉ አንዱ ሌላውን በክንዱ ቀስ አድርጎ ይገፋል። ዕድርተኞቹ ቦዩ ውስጥ ቆመው በአድናቆት ያያሉ። «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው» አለች ሹራብ የምትሠራዋ አዋላጅ። በሩ ራሱ ተነክቶ አንገቱን ደፍቷል። የአዳራሹ ሰዓት ለዓሥራ አንድ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ሆነ። በመስኮቱ ውስጥ የሺ እስክሪብቶውን ከጸጉሯ መዘዘችው፤ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ።

በዕድሜዬ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግሁ። ጋሽ ንጋቱን ከብብታቸው ሥር ይዤ አነሣኋቸው። እንዲያ ቀላል ይሆናሉ ብዬ አልጠበቅሁም፤ ካፖርት ብቻ የተሸከምኩ መሰለኝ። ሦስት ርምጃ ወደ ውስጥ ወስጄ በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸው። «አሳዳጊ የበደለው» አለ ከቦዩ አንድ ድምፅ። ፊቴ በኀፍረት ጋለ፤ ከኀፍረቱ ሥር ግን ስሙን የማላውቀው ደስታ ነበረ።

«ተመቸዎት፣ ጋሼ?»

«ለካ እግሬን አሞኝ ኖሯል» አሉ።

ሁለተኛው እኔ በሩ ላይ ቆመ። ቅጠሌን ተቀብሎ አነበበና አንጓዬ ላይ ክር አሰረልኝ። ጋሽ ንጋቱ ዘንድ ስደርስ ክሩን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁኝ በእጃቸው እለፍ አሉኝ። ከኋላዬ ቦዩ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። አቶ ድንበሩ ክራቸውን እያዩ «አሁን እግራችን ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ከየሺ የሚለየኝ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ቀና አለች። ቆላው ትንሽ አጥቁሯታል። በግራ ቅንድቧ በኩል የማላውቀው ጠባሳ አለ። መቼ እንደ ወደቀች፣ ማን እንዳሸገላት ልጠይቃት ፈለግሁ። ናፍቀሽኛል ልላት አፌን ከፈትኩ።

«እዚያ ዝናብ አለ ወይ?» አለ አፌ።

«አለ» አለችኝ። «ወንዙ ሞልቷል።»

«የሺ።»

«ቆይ፣ ይህቺን ልጨርስ።»

ቅጹ ላይ መጻፍ ጀመረች። ከእኔ በኩል ፊደሎቹ ተዘቅዝቀው ስለሚታዩ ማንበብ አልቻልኩም፤ አልቸኮልኩምም። ገብቼአለሁ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ የእጇ የሳሙና ሽታ ይደርሰኛል። ሰዓቱ ቆሞ ነበር፤ ወይም እኔ ማየት ትቼ ነበር። ጣቶቿን ልነካ እጄን ስዘረጋ ጠረጴዛው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ናሁ፣ ትከሻህ ይደነዝዛል» አሉኝ ጋሽ ንጋቱ።

ከምሳ ተመልሰው አጠገቤ ቆመው ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጉንጬ ላይ የኪቦርዱ ቁልፎች ታትመዋል። አፌን ጠርጌ ፋይሉን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎን ዘበኛ ከእኔው በታች ላውርደው?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «አውርደው። ችግሩ እሱ መሆኑ እኔም የዛሬ ሁለት ሳምንት ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሥራዬን ነቀፈብኝ እንዳትል ብዬ ነዋ። እንዲያ የሚደክም ሰው ተሳስተሃል ይባላል?»

አንዷን መስመር አንሥቼ ከሌላዋ በላይ አደረግኋት። ሥራው ይኸው ነበር። ለየሺ «አሁን ግቢ» ብዬ ላክሁላት።

ስድስት ደቂቃ ጠበቅን። የገባው ሰው ሁሉ በሚመዘገብበት ገጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር ብቅ አለ። ስም፦ የሺመቤት አያሌው። የሥራ ቦታ፦ ቀይ ወንዝ ጤና ጣቢያ። የዝውውር ማመልከቻ፦ ተሰርዟል። ምክንያት፦ እዚሁ ለምጃለሁ።

«ሠራ?» አሉኝ ጋሽ ንጋቱ ከጠረጴዛቸው።

«ሠርቷል።»

«ማን ገባ?»

«አንዲት ነርስ» አልኳቸው።